ወይባው መቼ፣ ሳሎኑ መቼ? ለጥር ሠርግ የሦስት ወር ዝግጅት ያስነሳው ክርክር

መነሻ ጽሑፍ

ታናሽ እህቴ ከጥምቀት በኋላ በሚውለው ሁለተኛ እሑድ እዚሁ ጎንደር ትዳራለች። ጋብቻው በተክሊል ነው፤ መልሱ ማክሰኞ አዘዞ፣ እኛው ቤት ይሆናል። ይህን የምጽፈው በጥቅምት አጋማሽ ስለሆነ ሦስት ወር ያህል ቀርቶናል። እናታችን ወይባም (የእንጨት ጭስ) እንሶስላም (እጅና እግር የሚያቀላ ሥር) ልታሞቃት፣ ጸጉሯንም በለጋ ቅቤ ልታርሰው አስባለች። እህቴ በበኩሏ ስልኳ ላይ የጻፈችው ሌላ ዝርዝር አላት፦ ፌሻል (የፊት ጽዳት)፣ ፒሊንግ (የፊትን ቆዳ ማስላጥ)፣ ኬራቲን (ጸጉር ማለስለሻ)፣ ጥፍር፣ ቅንድብ፣ ዋክስ፣ እንዲሁም ጓደኛዋ ያመጣችላት ፊት ያፈካል የተባለ ክሬም። የዓመት ፈቃዷ 10 ቀን ብቻ በመሆኑ ይህን ሁሉ በመጨረሻዋ ሳምንት ልትጨርሰው ነው።

እናትና ልጅ በየማታው የሚከራከሩት የትኛው ይሻላል በሚለው ላይ ነው። እኔ ግን ችግሩ ወይባውም ሳሎኑም አይመስለኝም፤ ችግሩ የጊዜ ነው። ወራት የሚፈልገው ለመጨረሻ ቀን ተትቷል፤ ለመጨረሻ መቆየት ያለበት ደግሞ የት እንደሚገባ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የዳራችሁም የተዳራችሁም ቅደም ተከተሉን ንገሩኝ ብዬ በዚህ የውይይት ገጽ ጠየቅሁ። የተጻፈልኝ መልስ ስለበዛ፣ ዘግይተው ለሚመጡ ሰዎች በየቁጥሩ የተባለውን በራሴ ቃል አሰፍረዋለሁ።

1
ቀድማ የመለሰችው ባለፈው ጥር የተዳረች ልጅ ናት። እንኳን ደስ ያላችሁ ካለች በኋላ፣ ከሠርጉ ዕለት ወደ ኋላ እየቆጠርን እንድናቅድ መከረችን። የላይኛው ቆዳ ራሱን የሚያድሰው በአራት ሳምንት ገደማ ስለሆነ፣ አዲስ ቅባትም ሆነ አዲስ ሳሙና የሚሞከር ከሆነ ከኅዳር ማለፍ የለበትም፤ ሐኪም ለብጉር የሚያዝዘው መድኃኒት ደግሞ ውጤቱ በደንብ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ቆይቶ በመሆኑ፣ ጥቅምት ላይ ያልታከመ ፊት ለጥር አይደርስም ባይ ናት። እኔ ከሁሉ የወደድኩላት ግን ስለ ተረከዟ የጻፈችውን ነው። ከተማችን ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ በጋዋ ደረቅ፣ ሌሊቷ ብርዳም፣ ቀኗ ጠራራ ፀሐይ ስለሆነ፣ ታኅሣሥ ሲገባ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ተረከዝም ይነቃል። እሷ በየማታው እግሯን ለብ ባለ ውኃ እየነከረች፣ ሳይደርቅ ቫዝሊን እየቀባች፣ ካልሲ አጥልቃ ስትተኛ ከርማ ንቃቃቱ የገጠመው በስድስተኛው ሳምንት ነበር። በሠርጉ ዋዜማ ተረከዟን በምላጭ የፋቀችው ሚዜዋ ግን በማግሥቱ ስታነክስ ዋለች።

2
ሁለተኛው መልስ አጭር ነው፤ ግን የጎንደር ሰው ብቻ የሚጽፈው ዓይነት ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሠርግ ቤት ውኃ ለድግሱ እንጂ ለሙሽራዋ ጸጉር አይተርፍም፤ ስለዚህ ለእሷ ብቻ የሚሆን አንድ በርሜል ተለይቶ ይሞላ ይላል። የጥምቀት ሰሞን እንግዳው ከተማዋን ስለሚያጥለቀልቃት ሳሎኖች ከአፍ እስከ ገደፋቸው ይሞላሉ፤ ቀጠሮ ከገና በፊት ያልያዘ ሰው ካስክ (ጸጉር ማድረቂያ) ውስጥ ለመግባት ግማሽ ቀን ሲሰለፍ እንደሚውልም አስታውሷል።

3
ሦስተኛውን መልስ የጻፉት አንዲት እናት ናቸው። ስለ ወይባ እንዲህ በዝርዝር የጻፈ ሰው እስካሁን አላየሁም። መሬት ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይማስና ፍም ይገባበታል፤ በላዩ በደንብ የደረቀ የወይባ ፍልጥ ይደረጋል፤ እንዳይነድና ጭስ ብቻ እንዲሰጥ ይታፈናል። ልጅቷ ገላዋን በቅቤ ታሽታ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ከአንገቷ በታች በወፍራም ብርድ ልብስ ትጠቀለላለች፤ ጭንቅላቷ ግን ውጭ ነው። ላቡ፣ ቅቤውና ጭሱ አንድ ላይ ሲዋሐዱ ገላዋ ላይ ቀጭን ሽፋን ይሠራል። ይህ ሽፋን ሲታሽና ሲላቀቅ ከሥሩ የሚወጣው ቆዳ የለሰለሰ፣ ወደ ቢጫ ያደላ የጠይም መልክ ያለው ይሆናል፤ ሽታውም ልብስ ላይ ሳይቀር ይከርማል። እኒህ እናት አጥብቀው ያሳሰቡት፣ ወይባ የአንድ ቀን ሥራ እንዳልሆነ ነው። በእሳቸው ዘመን ሙሽራ የምትሞቀው ለሳምንታት እየደጋገመች ነበር፤ በዋዜማው ብቻ የሞቀች ልጅ ያተረፈችው የጭስ ሽታ ነው ብለዋል። ይህን ለእናቴ ሳነብላት ሳቀችና፣ እሷንም ያሞቋት በዋዜማው እንደነበር ነገረችኝ።

4
የጤና ባለሙያ መሆኑን የገለጸ ሰው ነገሩን አከረረው። ከሰልም ሆነ እንጨት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲታፈን የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማጥወልወል አስከትሎ፣ ከዚያ ሰውን በተቀመጠበት ይገድላል። ነፍሰ ጡር፣ አስም ያለባትና የደም ግፊቷ ዝቅ የሚል ሴት ጭራሽ መቀመጥ የለባትም። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበር። በመጨረሻ ግን አሮጊቶች ልጆቻችንን እንደ ቋንጣ ያጨሷቸዋል የሚል ፌዝ ጨመረበት።

5
ቁጥር 3ን የጻፉት እናት በትሕትና ጀምረው በተግሣጽ ጨረሱ። ጭንቅላቷ ውጭ ነው ብለው መጻፋቸውን አስታወሱት። የሚሞቀውም በጓሮ ወይም በሩ ወለል ብሎ በተከፈተ ማድ ቤት እንጂ በመኝታ ክፍል አይደለም፤ ልጅቷም ብቻዋን አትተውም፣ አጠገቧ ሆኖ ውኃ የሚያጠጣት ሰው አለ። ትልቅ ሰው የጻፈውን ሳይጨርሱ መመለስ የትምህርት ምልክት አይደለም ሲሉም ገሠጹት። እኔ ሁለቱንም እቀበላለሁ፤ ቢሆንም አሁን በኮንዶሚኒየም ሻወር ቤት ውስጥ በከሰል ምድጃ የሚሞቁ ሴቶች ስላሉ የልጁ ማስጠንቀቂያ ከፌዙ ተለይቶ ሊነበብ ይገባዋል።

6–9
እዚህ ላይ ነገሩ መስመሩን ሳተ። መተማ ያደገ አንድ ሰው ሱዳናውያን ሴቶች በጣልህ እንጨት ተመሳሳይ ነገር እንደሚሞቁና ዱኻን እንደሚሉት ጻፈ። ቀጥሎም ወይባ የማን ነው፣ የጎንደር ነው ወይስ የጎጃም፣ ወይስ ከቆላው ወደ ደጋው የወጣ ነው የሚል ክርክር ተነሣ። አራት መልስ ፈጀ፤ እህቴን የሚጠቅም አንድም ቃል ስላላገኘሁበት አልፌዋለሁ።

10
ወደ ጉዳዩ የመለሰችን ስለ እንሶስላ የጻፈችው ሴት ናት። ሥሩ ታጥቦ ይወቀጣል፤ እጅና እግር ላይ ተለጥፎ በጨርቅና በፌስታል ይጠቀለላል፤ ሌሊቱን ያድራል። ጧት ሲፈታ መዳፍና ጥፍር ቀልተው፣ ሲደጋገም ወደ ጥቁር ቀይ ጠቁረው ይገኛሉ። ከቆዳው ላይ ቀለሙ በቀናት ውስጥ እየደበዘዘ ሲሄድ፣ ጥፍር ላይ ያረፈው ግን ጥፍሩ አድጎ እስኪቆረጥ ድረስ አይለቅም፤ የእጅ ጥፍር በወር የሚያድገው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሙሽራዋ ጫጉላዋን ጨርሳ ሥራ ስትገባም ምልክቱ አብሯት ይገባል። ስለዚህ ጊዜው ከሠርጉ ሁለት ወይም ሦስት ቀን በፊት ነው። እህቴ ያሰበችው ጄል ጥፍርና እንሶስላ አንድ ላይ አይሄዱም፤ ከሁለቱ አንዱን ትምረጥ። እህቴ ይህን አንብባ ለእጇ ጄሉን፣ ለእግሯ እንሶስላውን እንደምትመርጥ ነገረችኝ፤ እኔም ከዚህ የተሻለ ብልሃት አልመጣልኝም።

11–12
አንዲት ሙስሊም እህታችን የሂና ምሽታቸውን ልምድ አካፈለችን። ንጹሕ ሂና መጀመሪያ ብርቱካንማ ሆኖ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ቡናማ ይበስላል እንጂ በአንድ ሰዓት ጥቁር አይሆንም። በሰዓት ውስጥ የሚጠቁረው ፓራፌኒሊንዲያሚን የተባለው የጸጉር ቀለም ኬሚካል የተጨመረበት ሲሆን፣ የአክስቷን ልጅ ሁለት እጅ በሠርጓ ሳምንት ያቆሰለው ይኸው ነው፤ የአበባው ሥዕል ቅርጹን እንደያዘ ወደ ውኃ ቋጠሮ ተለወጠ። ማንኛውም ቀለም አስቀድሞ በክንድ ውስጠኛ ክፍል በትንሹ ተቀብቶ 48 ሰዓት ይጠበቅ የምትለው ምክሯን 12ኛው መላሽ አጽድቆ፣ እንሶስላና ሂና ቀለማቸውን የሚያገኙት ከተቀራረበ የኬሚካል ዘር እንደሆነ ጨመረ።

13
አሁን ወደ ክሬሙ ደረስን። ይህ መልስ እዚህ ከተጻፉት ሁሉ ለእኛ ቤት የጠቀመ ነው። አንድ ፋርማሲስት፣ የእህቴ ክሬም የመድኃኒቱ ዝርዝር ያልተጻፈበት፣ በብልቃጥ ተቀንሶ የሚሸጥ ዓይነት እንደሆነ ከገለጻዬ ብቻ ገምቶ አወቀ። እንዲህ ያሉት ቅባቶች ብዙውን ጊዜ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን፣ አንዳንዴም ሜርኩሪ ይገኝባቸዋል፤ ሜርኩሪ ያለባቸው የቆዳ ማንጫዎች ደግሞ በሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከሉ ናቸው። ስቴሮይዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትን ያቀላል፣ ብጉርንም ያጠፋ ያስመስላል፤ ሰውም መድኃኒት ያገኘ ይመስለዋል። ሲቆይ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ጉንጭ ላይ ጸጉር ይበቅላል፤ ሲያቆሙት ደግሞ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ይቆጣል። ስለዚህ ጥያቄው መቼ ልጀምረው ሳይሆን መቼ ላቁመው ነው፤ ጥቅምት ላይ ያቆመች ልጅ ለጥር የሚያገግም ፊት ይኖራታል፤ ታኅሣሥ ላይ ያቆመች ግን መዘዙን ይዛ ዳስ ትገባለች። ለወራት የተቀባችው ከሆነ ደግሞ በድንገት ከመተው በፊት የቆዳ ሐኪም ታማክር ብሏል። ሐኪም ለከባድ ብጉር አይሶትሬቲኖይን ያዘዘላት ሙሽራ ካለችም ዋክስ ቆዳዋን ሊገሸልጠው እንደሚችል፣ ጽንስንም በጽኑ ስለሚጎዳ መድኃኒቱን ሳትጨርስና ከዚያም አንድ ወር ሳይቆይ ማርገዝ እንደሌለባት በደማቁ ጽፏል።

14–16
ቁጥር 14 ክሬም የምትሸጥ እንደሆነች ከአጻጻፏ ያስታውቃል። ፋርማሲስቱን ምቀኛ አለችው፤ ደንበኞቿ እንደ ጨረቃ አብርተው እንደተዳሩ፣ ጥቁር ሙሽራ ፎቶ ላይ እንደማታምር ጻፈች። ቁጥር 15 የብልቃጡን ጽሑፍ ፎቶ አንሥታ እንድትለጥፍ ጠየቃት፤ አልለጠፈችም። ቁጥር 16 ስድብ ስለነበር ከዚህ አልደግመውም። እኔ የምለው፣ እህቴ ጠይም ናት፤ ያጫትም ሰው ያያት በጠይምነቷ ነው፤ በሠርጉ ዕለት ሌላ ሴት ሆና ብትመጣበት ምን ሊል እንደሚችል አላውቅም።

17
ይህን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ከስንት ጊዜ መሸሸግ በኋላ የራሴን ጉድ ተናገርኩ። ከሦስት ዓመት በፊት ስዳር ከሠርጌ አራት ቀን አስቀድሜ ፒሊንግ ተሠራሁ። ከዚያ በፊት ተሠርቼ አላውቅም፤ ሠሪዋም አልጠየቀችኝም። በማግሥቱ ፊቴ ተወጠረ፤ በሦስተኛው ቀን አገጬና ግንባሬ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መላላጥ ጀመረ። ቅዳሜ ማታ እናቴ በኩራዝ ሳይሆን በስልክ መብራት እያየች የተነሣውን ቆዳ በጥፍር መቁረጫ መቀስ ስትከረክምልኝ አመሸች። የሠርጉ ዕለት ፋውንዴሽኑ በተላላጠው ጠርዝ ላይ እየተጠራቀመ በየፎቶው ላይ ካርታ ሠርቷል፤ እስካሁን አልበሙን ለእንግዳ ስሰጥ ከሦስተኛው ገጽ ነው የምከፍተው። ፌሻልም ሆነ ፒሊንግ ያልለመደች ልጅ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ትሞክረው፤ የለመደችም ብትሆን ከሠርጉ በፊት ባሉት 10 ቀናት ውስጥ አታስገባው። ዋክስና ቅንድብ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ይበቃል።

18–19
ጸጉር ላይ ሁለት ሰዎች ተለያዩ። አንዷ ለእሑዱ ቬሎ በቢጎዲ ተጠቅልሎ የሚሠራ፣ ለመልሱ ደግሞ ከሐበሻ ቀሚስ ጋር ሹሩባ ይሁን ትላለች፤ በዚህ ሁሉም ተስማማ። ጸቡ ቅቤው ላይ ነበር። ሌላዋ፣ ሳሎን ውስጥ የምትሠራ ባለሙያ፣ ቅቤ የጠጣ ጸጉር በአንድ እጥበት እንደማይለቅና ፒያስትራ (የጸጉር መተኮሻ) ሲነካው እንደሚጨስ፣ ስለዚህ የመጨረሻው ቅቤ ከሠርጉ አንድ ሳምንት ቀድሞ መቆም እንዳለበት በቁጣ ጻፈች፤ ሙሽሮች ቅቤያቸውን ተቀብተው መጥተው እሷን እንደሚወቅሱ ከቃሏ ይታወቃል። ኬራቲን የተባለው ማለስለሻም አንዳንዱ ሲሞቅ ፎርማልዴሃይድ ስለሚለቅ ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ አይሠራ፤ የሚሠራም ከሆነ ሁለት ሳምንት ቀድሞ፣ መስኮት ተከፍቶ። ሹሩባ ሠሪዋን ደግሞ ጆሮ ግንድና ግንባር ላይ አጥብቃ እንዳትስብ አስቀድሞ መንገር ይገባል፤ የጠበቀ ሹሩባ በማግሥቱ ሽፍታ ያወጣል፣ ከተደጋገመም የግንባርን ጸጉር ለዘለቄታው ይነቅላል። እናቴ እዚህ ላይ ያልተባለ አንድ ነገር አስታወሰችኝ፤ በእኛ ቤት በጾም ቅቤ አናት ላይ አይደረግም። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ የሚፈታው በገና ታኅሣሥ 29 ስለሆነ፣ የቅቤው ጊዜ ከገና እስከ ጥምቀት ያለው ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ለወይባውም ቢሆን እስከዚያ የምትሞቅ ከሆነ ገላዋን የምታሸው በዘይት ነው።

20–21
አንድ ዲያቆን በጣም በጨዋ አነጋገር ሁላችንም የዘነጋነውን አነሣ። በተክሊል የሚጋቡ ሙሽሮች ይቆርባሉ፤ ስለዚህ ከንፈሯ ላይ ሊፕስቲክ ሊኖር አይገባም። ካህኑ ግንባራቸውን ቅባት ስለሚቀባ በፋውንዴሽን የተለሰነ ግንባርም ይዞ መቅረብ አይገባም። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ እህል ውኃ ስለማይቀመስ፣ ቅዳሜ ማታ ወይባ ሞቃ ላቧን ያፈሰሰች ልጅ ሌሊት ቆማ ማስቀደስ ሊያቅታት ይችላል ብሎ ሲጽፍ፣ ከቁጥር 4 ጀምሮ የተነሣው ክርክር ሌላ መልክ ያዘ። የሜካፕ ባለሙያዋ ቁጥር 21 ደግሞ ለእንደዚህ ዓይነት ሙሽሮች ከቅዳሴ መልስ ቤት ድረስ እንደምትሄድ፣ ሙሽራዋ ቁርስ በልታ 20 ደቂቃ ጋደም ካላለች ዓይኗ እንደሚያብጥ፣ ዳሱ የሚጠብቃት ሰዓትም ከዚህ ተነሥቶ መቆጠር እንዳለበት ጻፈች።

22
ስለ ኩል አንድ መስመር፦ በገበያ የሚሸጥ የድንጋይ ኩል እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ዓይን ውስጥ ባይገባ ይመረጣል፤ በተለይ ለታዳጊ ሚዜዎች።

23
ይህችኛዋ ቀሚሷ እንዲገባላት በጥቅምትና በኅዳር ምሳና እራት እየዘለለች 9 ኪሎ የቀነሰች ሙሽራ ነበረች። ቀሚሱ ገባ። ጥር ላይ ግን ጸጉሯ በማበጠሪያ በእፍኝ እየመጣ አስደነገጣት፤ ሐኪሟ እንዳስረዳት ሰውነት በድንገት ሲራብ ጸጉር የሚረግፈው ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ነው። ማለትም የጥቅምት ረኃብ ዕዳው የሚከፈለው በሠርጉ ሰሞን ነው። ጾሙ እየመጣ መሆኑን አስባ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ተልባ በአግባቡ ብትበላ፣ ቀሚሱንም ልብስ ሰፊ ቢያሰፋው ይሻል እንደነበር በቁጭት ጽፋለች።

24–29
አንድ ወንድ ሙሽራው ምን ያዘጋጃል ብሎ ጠየቀ። ሦስት ሰዎች ቀለዱበት፤ አራተኛው ግን በቁም ነገር፣ ጺሙን በዋዜማው ሳይሆን ከሁለት ቀን በፊት በአዲስ ምላጭ እንዲላጭ፣ አንገቱ ላይ ሽፍታ የሚያወጣበት ከሆነም ምላጩን ትቶ በማሽን እንዲያሳጥረው መከረው። ጠያቂው አመስግኖ፣ የእሱም ሠርግ በጥር እንደሆነ ተናገረ።

30
እኔ ተመልሼ የወሰንነውን ጻፍኩ። ክሬሙ በዚያው ሳምንት ተጥሏል፤ የተቀባችው ሁለት ሳምንት ብቻ ስለነበር ሐኪሙ አላስጨነቃትም። ፒሊንጉ ተሰርዟል፤ ፌሻሉ በኅዳር መጀመሪያ ለሙከራ አንድ ጊዜ ተሠርቷል። ፈቃዷን ለሁለት ከፍላ አምስቱን ቀን ከገና በኋላ ወስዳለች፤ ወይባውን በእነዚያ ቀናትና በቀጣዮቹ ቅዳሜዎች በጓሮ፣ በቀን፣ እናቴ አጠገቧ ሆና ትሞቃለች፤ የመጨረሻው ከሠርጉ ሳምንት በፊት ያበቃል። እንሶስላው ሐሙስ ማታ ነው።

31
ቁጥር 3 የነበሩት እናት ተመልሰው መጡ። ስለ ዕቅዱ ምንም አላሉም። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወይባውን ከቅዳሜ ገበያ የገዛነው እርጥቡን ከሆነ አሁኑኑ ተፈልጦ ፀሐይ ላይ እንዲሰጣ፣ እርጥብ ፍልጥ ዓይን ያነድዳል እንጂ ገላ አያወዛም ብለዋል። እናቴን ሄጄ ብጠይቃት ግንዱ አሁንም ከእህል ጆንያው ጀርባ እንዳለ ነው። ወንድሜ መጥረቢያ ሊዋስ ጎረቤት ሄዷል።